ካርታው ሰማያዊ ያለው ቦታ፦ ከድሬዳዋ እስከ ሐረማያ

ሰኞ

ከአዲስ አበባ የወጣነው ገና ሳይነጋ፣ ሌሊት 10 ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ሦስት ነን፤ ሾፌራችን፣ ጂኦፊዚክስ ያጠናው ባልደረባዬና እኔ። ከኋላ የመሬት ኤሌክትሪክ መለኪያው፣ የሽቦ ጥቅሎች፣ የብረት ካስማዎች፣ መዶሻና ሁለት ጀሪካን ውሃ ተጭኗል። ላፕቶፔ ውስጥ ደግሞ ሦስት ወር የለፋሁበት ካርታ አለ።

ካርታው በድሬዳዋና በዙሪያዋ የከርሰ ምድር ውሃ የት ሊገኝ እንደሚችል ይገምታል። ሰማያዊው ቦታ ተስፋ አለው። ቢጫው መካከለኛ ነው። ቀዩ ደካማ ነው። አሁን የምንሄደው ልንፈትነው ነው። ቀለሞቹ ላይ ቆመን፣ ያሉትን ጉድጓዶች ለክተን፣ የአካባቢውን ሰው ጠይቀን መመለስ አለብን። አንድ ጥልቅ ጉድጓድ ብዙ ገንዘብ ይበላል። ደረቅ ሆኖ ሲወጣ ደግሞ ዕዳው ጀሪካን ይዛ የምትጠብቀው ሴት ላይ ነው የሚወድቀው።

ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝን እዚሁ ልመልስ። ሳተላይት ከመሬት በታች ያለ ውሃ አያይም። የሚያየው የመሬቱን ፊት ነው። ሐኪም የዓይንን ቢጫነት አይቶ ጉበትን እንደሚጠረጥር ማለት ነው። ድንጋዩ ምን ዓይነት ነው? የት የት ተሰንጥቋል? ተዳፋቱ ውሃውን ያንደረድረዋል ወይስ ያሳርፈዋል? ወንዞቹ ተቀራርበው ነው የሚፈሱት ወይስ ተራርቀው? አፈሩ፣ ዝናቡ፣ ዕፅዋቱስ? ለእያንዳንዱ ጥያቄ አንድ ንብርብር ካርታ ይዘጋጃል። ከዚያ ጂአይኤስ በተባለው የኮምፒውተር ካርታ ሥርዓት ይደራረባሉ።

ከፍታውን የወሰድኩት ኢንዴቨር የተባለችው መንኮራኩር በየካቲት 1992 ዓ.ም. በ11 ቀን በረራ ከለካችው መረጃ ነው። ምስሎቹ ላንድሳትና ሴንቲኔል 2 የተባሉ ሳተላይቶች ያነሷቸው ናቸው። ዝናቡ እ.ኤ.አ. ከ1981 ጀምሮ የተጠናቀረው የቺርፕስ መረጃ ነው። ሁሉም በነፃ ይገኛሉ። መደራረቢያው ሶፍትዌር ኪውጂአይኤስም ነፃ ነው። ይህን ስናገር ሁሌም ደስ ይለኛል። ላፕቶፕና ኢንተርኔት ያለው የክፍለ ሀገር ተማሪም ይህን ሥራ መጀመር ይችላል።

መተሐራ ስንደርስ ፀሐይ ወጥታለች። በሰቃ ሐይቅ ዳር መኪናውን አስቆምኩት። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ የዚህ ሐይቅ ስፋት 3 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር። ዛሬ ከ40 በላይ ነው። አስፋልቱን እየገፋ መንገዱ ከፍ ተደርጎ እንዲሠራ አስገድዷል። ውሃው ጨዋማ ነው፤ ፍሎራይድም ይበዛበታል። ከመስኖ እርሻዎቹ ወደ መሬት የሰረገው ውሃ የከርሰ ምድሩን ከፍ እንዳደረገው ብዙ ጥናቶች ይናገራሉ። ከታች ያለው ውሃ ወደ ላይ ሲገፋ በዓይን የሚታይበት ቦታ ነው። በሳምንቱ መጨረሻ የምናየው ሐይቅ ታሪኩ የዚህ ተቃራኒ ነው።

ከዚያ በኋላ መንገዱ ረጅም ነው። ሚኤሶን፣ ጭሮን፣ ቁልቢን አልፈን ደንገጎ ስንደርስ መሽቶ ነበር። ቁልቁለቱን በጨለማ ወረድን። በእያንዳንዱ ጥምዝ ሙቀቱ ይጨምራል። መጀመሪያ ጃኬት፣ ከዚያ ሹራብ አወለቅን። ከታች የድሬ መብራት ተዘርግቶ ጠበቀን።

ማክሰኞ

ያረፍንባት አነስተኛ ሆቴል ባለቤት ጠዋት ሻይ ልታፈላልን ማንቆርቆሪያዋን አነሳች። ውስጡን አየሁት። ነጭ ቅርፊት እንደ ኖራ ግድግዳ ተጋግሮበታል። «የድሬ ውሃ እኮ ነው፤ ድንጋይ ያበቅላል» አለችኝ።

ልክ ናት። ከከተማዋ በስተደቡብ ያለው ገደል አብዛኛው የኖራ ድንጋይ ነው። ዝናቡ ደጋው ላይ ወርዶ በስንጥቁ ይገባል። ሲወርድ ድንጋዩን እያሟሟ ካልሲየም ይሸከማል። ቆላው ሲደርስ በአሸዋ ድንጋይና በደለል ውስጥ ይጠራቀማል። ከተማዋ የምትጠጣው ይህንን ነው። ድሬ ዓመቱን ሙሉ የሚፈስ ወንዝ የላትም። ከምድር በታች ያለው ውሃ ባይኖር ኖሮ እዚህ ከተማ አይኖርም ነበር።

የደቻቱን ወንዝ ተሻገርን። አሁን ደረቅ አሸዋ ነው፤ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ግን በአንድ ሌሊት ሞልቶ ከ250 በላይ ሰው የገደለው ይኸው ወንዝ ነው። ያ ሁሉ ውሃ በጥቂት ሰዓት አለፈ። ከርሰ ምድርን የሚያጠግበው አሸዋው ውስጥ ቀስ ብሎ የሚሰርገው ውሃ ነው። ስለዚህ በካርታዬ ላይ ቀጥ ያለ ተዳፋት ትንሽ ነጥብ፣ ሜዳው ብዙ ነጥብ አለው።

ነጥቡ እንዴት እንደሚሰጥ ላስረዳ፤ የሥራው ወሳኝ ነገር እዚህ ላይ ነው። ዘዴው ቶማስ ሳቲ የተባሉ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ያበጁት ነው። ሁለት ሁለት ነገር ታነጻጽራለህ። ስንጥቅ ከዝናብ ይበልጣል? በስንት? ከ1 እስከ 9 ትሰጣለህ። ሁሉንም ጥንዶች ከጨረስክ በኋላ ስሌቱ የእያንዳንዱን ክብደት ያወጣልሃል። መልሶችህ እርስ በርስ ይጣረሱ እንደሆነም ይነግርሃል። መፋለሱ ከ0.1 በታች ከሆነ አለፍክ ይባላል።

እኔም አልፌ ነበር። ግን ይህ ቁጥር የሚለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ራሴን አልተቃረንኩም። እውነቱን አግኝቻለሁ ማለት አይደለም። ወጥ በሆነ መንገድ መሳሳትም ይቻላል። ብዙ የጥናት ጽሑፎች ይህን ቁጥር እንደ ማረጋገጫ ሲያቀርቡት አይቻለሁ። አይዋጥልኝም። ማረጋገጫው ጉድጓድ ነው።

ከሰዓት በኋላ የከተማዋን የሳቢያን ሰፈር ዞርን። ካርታው እዚህ ደማቅ ሰማያዊ ነው። ጉድጓዶቹም ውሃ አላቸው። ካርታው ትክክል ነው ብሎ መሄድ ይቻል ነበር። ከከተማው ዳር ጀምረን ወደ መሃል እየገባን ግን ውሃውን በኢሲ ሜትር፣ ማለትም ምን ያህል ጨው እንደሟሟበት በሚያሳይ መሣሪያ፣ ለካን። ቁጥሩ እየጨመረ ሄደ። የድሬዳዋ የከርሰ ምድር ውሃ በናይትሬት መበከሉ ተጠንቶ የታወቀ ነገር ነው። ዋናው ምንጩ የመጸዳጃ ጉድጓድ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ጣሪያ በሊትር 50 ሚሊ ግራም ነው። ከዚያ ካለፈ በተለይ በጡጦ ለሚያድጉ ሕፃናት አደገኛ ነው። ውሃ በቀላሉ የሚሰርግበት መሬት ቆሻሻም በቀላሉ የሚሰርግበት መሬት ነው። ካርታዬን ሰማያዊ ያደረገው ጠባይ ራሱ ብክለቱን ያስገባዋል። ይህንን የሚናገር ንብርብር አልነበረኝም።

ማታ ሾፌራችን ጠየቀኝ። «ኬንያ ውስጥ በሳተላይት የውሃ ባሕር ተገኘ ሲሉ ሰምቼ ነበር። የት ደረሰ?» በደንብ አስታውሳለሁ። እ.ኤ.አ. መስከረም 2013 ላይ ነው። ቱርካና ውስጥ ሎቲኪፒ በተባለ ሜዳ ሥር ግዙፍ ክምችት ተገኘ ተብሎ ዓለም ሁሉ አወራው። በኋላ ሲመረመር ውሃው ለመጠጥ የማይሆን ጨዋማ ሆነ። የዚያ አገር ሰው የተሰማውን ማሰብ ይከብዳል። ውሃ አለ የሚለውን ቃል ከአፌ ሳላወጣ የምጠነቀቀው ለዚህ ነው።

ረቡዕ

ዛሬ ወደ መልካ ጀብዱ አቅጣጫ ወጣን። ዕቅዱ ቀላል ነበር። ከድሮ የቁፋሮ ሪፖርቶች የለቀምኳቸውን ጉድጓዶች ቦታቸው ድረስ ሄጄ ማየት።

የመጀመሪያው የለም። ጂፒኤሱ «ደርሰሃል» የሚለኝ ቦታ ላይ ቁልቋልና ግራር ብቻ ነው። ሁለተኛውም የለም። ሦስተኛው ጋ ስንደርስ አንድ አዛውንት ፍየል ሲጠብቁ አገኘን። ሰላምታ ተሰጣጣን። ጉድጓድ ፈልገን እንደመጣን ነገርናቸው። በበትራቸው ወደ ሰሜን ጠቆሙ። «እዚያ ማዶ ነው ልጄ። ከዛፉ አለፍ ብሎ።»

ሄድን። አለ። የሲሚንቶው ቆብ ተሰነጣጥቋል፤ ጉድጓዱ ግን አለ። ርቀቱን ለካሁ። ወደ ሰሜን 200 ሜትር፣ ወደ ምሥራቅ 100 ሜትር ገደማ ተዛብቷል። ያኔ ገባኝ። ወደ ሁለተኛው ተመለስን። በዚያው አቅጣጫ፣ በዚያው ርቀት አገኘነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የአገራችን የቆዩ ካርታዎች የሚለኩት አዲንዳን በተባለ መነሻ፣ ማለትም የቦታ ቁጥሮች በሚቆጠሩበት መሠረት፣ ነው። የዛሬ ጂፒኤስ የሚጠቀመው ደብልዩጂኤስ 84ን ነው። ያው ቁጥር በሁለቱ መነሻዎች ሁለት የተለያየ ቦታ ነው። ልዩነቱ እዚህ አገር ከ200 ሜትር በላይ ይሆናል። ሪፖርቱን ያዘጋጀው ክፍል የትኛውን እንደተጠቀመ አልጻፈም። እኔም ሳልጠይቅ አዲሱ ነው ብዬ ጫንኩት።

200 ሜትር ሲሰሙት ትንሽ ይመስላል። ግን የካርታዬ አንድ ፒክስል፣ ማለትም የምስሉ ትንሿ ካሬ፣ 30 ሜትር ነው። ስለዚህ ጉድጓዶቹ ሰባት ፒክስል ርቀው ነው የተቀመጡት። የስንጥቅ ዳር ላይ ያለ ጉድጓድ ሜዳ ላይ ያለ ይመስላል። አምስት ጉድጓድ «ካርታው ስቷል» ብዬ መዝግቤ ነበር። ማታ ቁጥሮቹን ቀይሬ ስደግመው ሦስቱ ትክክለኛው ቀለም ላይ ገቡ። ሁለቱ አሁንም አልገቡም።

ወጣት ባለሙያዎች ይህን ካነበባችሁ አደራ፤ የድሮ ሪፖርት ስትከፍቱ መጀመሪያ መነሻውን ፈልጉ። ካላገኛችሁት ሄዳችሁ አንዱን ጉድጓድ በእግራችሁ ፈልጉት።

አዛውንቱ ምሳ ካልበላችሁ ብለው ያዙን። የግመል ወተትና ቂጣ ቀረበ። ሲያጫውቱን ስለ ቦታ ስሞች አነሱ። በሶማሊኛ ቢዮ ውሃ ነው። እዚያው ድሬዳዋ ዙሪያ ቢዮ አዋሌ የሚባል ቀበሌ አለ። በኦሮምኛ መልካ የወንዝ መሻገሪያ ነው፣ ለጋ ወንዝ ነው፣ ኤላ ጉድጓድ ነው። ባልደረባዬ ማስታወሻ ደብተሩን አወጣ። አንድ ሰዓት ሙሉ ስም ስንጽፍ ቆየን። በሚቀጥለው ካርታ የቦታ ስም አንድ ንብርብር እንዲሆን እፈልጋለሁ። ከሳተላይቱ በፊት መሬቱን ያጠኑት ስም ያወጡለት ሰዎች ናቸው።

ሐሙስ

ሙቀቱ ስለሚከብድ ሥራ የጀመርነው በ12 ሰዓት ነው። ወደ ገደሉ ግርጌ ሄድን። እዚህ መሬቱ በደረጃ በደረጃ ወደ ስምጥ ሸለቆው ይሰበራል። እያንዳንዱ ደረጃ አንድ ትልቅ ስንጥቅ ነው። ስንጥቅ ደግሞ ውሃ መውረጃም፣ ማጠራቀሚያም ሊሆን ይችላል።

ስንጥቆቹን ያወጣሁት ከምስል ነው። ኮምፒውተሩ ቀጥ ያለ መስመር ሁሉ ይለቅማል። ከተማውን አለፍ ብሎ በስተምዕራብ፣ ሜዳው ላይ፣ አንድ ረጅም መስመር ነበረኝ። ደማቅ ሰማያዊ ያደረገው እሱ ነው። ወደ ቦታው ሄድን። የድሮው ባቡር ሐዲድ ነው። ከፍ ተደርጎ የተደለደለው አፈር ቀጥ ብሎ ተዘርግቷል። ሐዲዱን በእጄ ነካሁት። እዚያ ላይ ውሃ አለ ብዬ ቁፋሮ ብመክር ኖሮ የማን ገንዘብ ነበር የሚባክነው?

ጥላም ያሳስታል። ላንድሳት እዚህ የሚያልፈው ረፋድ 4 ሰዓት አካባቢ ነው። በጥር ፀሐይዋ ከደቡብ ምሥራቅ ናት። ወደ እሷ ጎናቸውን የሰጡ ሸንተረሮች ጎልተው ይታያሉ፤ ከእሷ ጋር አቅጣጫ የገጠሙት ይደበቃሉ። ስለዚህ የከፍታውን መረጃ ከተለያየ አቅጣጫ ብርሃን እየሰጡ ደግሞ ማየት ያስፈልጋል። እኔ ይህን አድርጌያለሁ። ሐዲዱን ግን አላጣራሁም። ኮምፒውተሩ ያወጣውን መስመር ሁሉ ከመንገድና ከባቡር ካርታ ጋር ማስተያየት ግማሽ ቀን አይፈጅም ነበር።

ሌላው መስመር ግን እውነተኛ ነው። በደረቁ ወር ምስል ላይ ከገደሉ ሥር ቀጭን አረንጓዴ ክር ይታያል። ዙሪያው ሁሉ ገርጥቶ እሱ ብቻ ለምልሟል። ስንደርስ ትልልቅ ግራሮችና ሾላ በአንድ መስመር ቆመው አገኘናቸው። በጥር ወር፣ ያለ ዝናብ፣ ለምለም ናቸው። ሥሮቻቸው ውሃ አግኝተዋል።

ከዛፎቹ ወረድ ብሎ ባለው ደረቅ ወንዝ ሁለት ሴቶች አሸዋ በጣሳ ይቆፍራሉ። ክንድ ያህል ወርደው ጥቂት ይጠብቃሉ። ውሃው ቀስ ብሎ ይሰበሰባል። በጣሳ እየጨለፉ ጀሪካን ይሞላሉ። አንዷ በአማርኛ አናገረችኝ። ጠዋት የተቆፈረው ጉድጓድ ቶሎ ይሞላል፤ ቀትር ላይ ይዘገያል አለች። ወደ መጋቢት ሲጠጋ ደግሞ እጥፍ መቆፈር አለባት። የውሃው ወለል በወር ስንት እንደሚወርድ በክንዷ ለክታ ታውቃለች። በእኛ አገር በየጉድጓዱ በየወሩ የሚመዘግብ መለኪያ ቢኖር ይህን ከእሷ መጠየቅ ባላስፈለገኝ።

ባልደረባዬ እዚያው ሥራውን ዘረጋ። ካስማ ይተክላል፣ ሽቦ ይዘረጋል፣ ኤሌክትሪክ ወደ መሬት ይልካል። ሽቦው በረዘመ ቁጥር የሚለካው ጥልቀት ይጨምራል። ደረቅ አለት ኤሌክትሪኩን ይከለክላል፤ ውሃ የያዘ ንብርብር ያሳልፋል። ግን ሸክላም ያሳልፋል፤ ጨዋማ ውሃም ያሳልፋል። ስለዚህ እሱም ብቻውን አይፈርድም። ስድስት ቦታ ለካን። በሦስቱ የእሱ መስመርና የእኔ ሰማያዊ ተገናኙ። እሱ ያን ሲያይ የተሸከመውን ካስማ ጥሎ ጨበጠኝ።

ዓርብ

ወደ ደንገጎ ሽቅብ ወጣን። ከድሬ በቀጥታ ቢለካ ጥቂት ኪሎ ሜትር ነው፤ ከፍታው ግን ከ1,200 ሜትር ተነስቶ ከ2,000 ያልፋል። የዝናብ መረጃዬ አንድ ፒክስል 5 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ይህ ሁሉ ገደል፣ ከሐሩሩ ሜዳ እስከ ብርዱ ጫፍ፣ በሁለትና በሦስት ፒክስል ተጠቃሏል። ዝናቡ የሚጥለውና ውሃው የሚሰርገው ደግሞ በትክክል እዚህ ነው። በእግሬ ቆሜ ካላየሁት በቀር ይህ ጉድለት አይሰማኝም ነበር።

ጫፉ ላይ ቆመን። በግራ የሚወርደው ዝናብ ወደ አዋሽ ተፋሰስ ነው። በቀኝ የሚወርደው ወደ ዋቢ ሸበሌ። ሐረማያ አካባቢ ስንደርስ የጂፒኤሱ የምሥራቅ ቁጥር፣ ወደ ምሥራቅ ያለውን ርቀት በሜትር የሚናገረው፣ ከ800 ሺህ ዘልሎ ወደ 170 ሺህ ገደማ ገባ። 42ኛውን የኬንትሮስ መስመር ተሻግረናል። ካርታ ሠሪዎች ምድርን በዞን በዞን ይከፍሏታል፤ ቁጥሩም በየዞኑ እንደ አዲስ ይጀምራል። ካርታው ከዞን 37 ወደ ዞን 38 ተቀየረ። ይህን ያልጠበቀ ሰው ጉድጓዶቹን ሁሉ ሌላ አገር ያስቀምጣቸዋል። የረቡዕ ትምህርት ስለነበረን ቀድመን ተዘጋጅተን ነበር።

ሐረማያ ሐይቅ ዳር ቆሜ ላፕቶፑን ከፈትኩ። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ የተነሳው የላንድሳት ምስል ላይ ሐይቁ ጥቁር ሰማያዊ ሆኖ ይታያል። በእኛ 1990ዎቹ መጨረሻ በተነሳው ላይ የለም። የነበረበት ቦታ ሜዳ ነው። ሐረር ከተማ ከዚህ ትጠጣ ነበር። ገበሬው ለጫትና ለአትክልት በሞተር ይስብ ነበር። ከኮረብታው የታጠበ አፈር ደግሞ ወለሉን ሞላው። ብዙ እጅ በአንድ ጊዜ ገባበት። ሐይቁ ሲደርቅ ሐረር ተጠማች። ከዚያ ከድሬዳዋ በኩል ካለው ቆላ፣ ከጥልቅ ጉድጓድ፣ በቧንቧና በፓምፕ ውሃ ተሳበላት። አንድ ሺህ ሜትር ገደማ ሽቅብ፣ ከአዋሽ ተፋሰስ ወደ ሸበሌ ተፋሰስ።

ከዓመታት በኋላ ሐይቁ ተመለሰ። አሁን ፊቴ ላይ ውሃ አለ፤ ወፎች አሉ። አንድ ገበሬ ልጅ ሆኖ ሐይቁ ሲደርቅ እንዳየና ሲመለስም እንዳየ ነገረኝ። «ሲደርቅ ሰው አለቀሰ። ሲመለስ ግን ሞተሩም አብሮ ተመለሰ» አለኝ። ከኋላው የፓምፕ ድምፅ ይሰማል።

ያኔ ካርታዬን አየሁት። ሐረማያ ሰማያዊ ነው። ሐይቁ ደርቆ በነበረበት ዓመት ብሠራውም ሰማያዊ ይሆን ነበር። ድንጋዩ ያው ነው፣ ተዳፋቱ ያው ነው፣ የዝናቡ አማካይ ያው ነው። ስንት ሰው እየሳበ እንደሆነ የሚያውቅ ንብርብር የለውም።

ቅዳሜ

ሐረር። ጀጎል ውስጥ የአንድ ወዳጃችን ቤት ቁርስ ተጋበዝን። ግቢው ውስጥ አንድ ትልቅ ሮቶና በመደዳ የተደረደሩ ቢጫ ጀሪካኖች አሉ። የቤቱ እናት ውሃ በመጣ ቁጥር ሁሉንም ይሞላሉ። ከምን ያህል ጥልቀትና ከየት እንደሚመጣ ነገርኳቸው። «ታዲያ እዚያ ያሉት ሰዎች ይበቃቸዋል?» ብለው ጠየቁኝ። በእጄ ያለው ካርታ ይህን አይመልስም አልኳቸው።

ከሰዓት በኋላ ሥራ ላይ ተቀመጥን። የሐዲዱን መስመር ሰረዝኩ። ጉድጓዶቹን በትክክለኛ ቦታቸው አስቀመጥኩ። የድሬዳዋ መሃል ሰማያዊውን አልነካሁትም፤ ግን በላዩ ላይ በሰረዝ የተሞላ አዲስ ንብርብር ጣልኩበት። የናይትሬት ምርመራ ሳይደረግ አይቆፈር የሚል ማስታወሻ አለው። ሐረማያ ላይም ሌላ፤ አዲስ ጉድጓድ ከመፈቀዱ በፊት የሚሳበው ውሃ ይለካ። በማብራሪያው ሰንጠረዥ «በጣም ከፍተኛ» የሚለውን ቃል አወጣሁና «ለመስክ ጥናት ቅድሚያ» ብዬ ጻፍኩ።

ካርታው የሳታቸው ሁለቱ ጉድጓዶች አሁንም እንደሳቱ ናቸው። ባልደረባዬ ሰኞ ወደ መልካ ጀብዱ ተመልሶ አጠገባቸው ይለካል። አዛውንቱን እንዲያገኝና የቀሩትን የቦታ ስሞች እንዲጽፍ ነግሬዋለሁ።